ገደል የሚወጣ ሁሉ ሞት የናፈቀው አይደለም፦ ሰሞኑን ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የነበረ ስለ ክላይምቢንግ የሚያወራ ጽሑፍ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ አለትና ተራራ የሚወጡ ሰዎች የአድሬናሊን ሱሰኞች ናቸው፣ ፍርሃት የሚባል ነገር የላቸውም፣ ገመዱና ብረታ ብረቱ የውሸት መተማመኛ ነው፣ ለቤተሰባቸውም ሊያድናቸው ለሚወጣው ሰውም ደንታ የሌላቸው ራስ ወዳዶች ናቸው፣ አሁን አሁን ደሞ ነገሩ ሁሉ ለፎቶና ለቪዲዮ ሆኗል፣ ስለዚህ ይከልከል። ጸሐፊው በክፋት የጻፉት አይመስለኝም፣ ወጣቶች እየሞቱ ነው ብለው ከልባቸው ተጨንቀው ነው፣ እሱን አከብራለሁ። ግን እኔም አለት ከሚወጡት አንዱ ነኝ፣ ውሎዬም ከነሱ ጋር ነው፣ እና የተጻፈው ነገር ከማውቀው ሰው ጋር አልገጥም አለኝ። ስለዚህ ያሉትን በየተራ እያነሳሁ ልመልስ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የአድሬናሊኑ ነገር። አንድ ሰው ግድግዳ ላይ እያለ አድሬናሊን ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ላየ ይሄ ክርክር እዛው ያበቃል። ጣቱ ከሚገባው በላይ ይጨብጣል፣ ክንዱ በደም ተወጥሮ አልታዘዝ ይላል (እኛ ጋር ፓምፕ ሆንኩ የሚባለው እሱ ነው)፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ በጫማው ጫፍ ብቻ የቆመበት እግር እንደ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ አጠገብ ያለውን መርገጫ እያየ አያየውም። በዚህ ሁኔታ ማንም አለት አይወጣም፣ ይወድቃል እንጂ። ጥሩ ክላይመር ማለት ይሄ ነገር እንዳይመጣበት፣ ከመጣም ቶሎ እንዲያልፍለት ዓመታት የሚለፋ ሰው ነው። ትንፋሹን ያወጣል፣ አንድ እጁን ወደታች ለቆ ያራግፋል፣ አይኑን ወደ እግሩ ይመልሳል፣ ከዛ ነው የሚቀጥለው።

ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ጥናት በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችንና ተራራ የሚወጡ ሰዎችን አነጻጽረው ነበር። ያ ቅጽበታዊ ሞቅታ ፍለጋ የሚባለው ነገር የሚገልጸው ዘላዮቹን ሆኖ ተገኘ። ተራራ ወጪዎቹ ጋር ጎልቶ የወጣው ግን ስሜትን መግዛትና የራስን ሕይወት ራስ መምራት መቻል ነው። ለኔ ይሄ ምንም አይገርመኝም፣ ምክንያቱም ትልቅ ተራራ መውጣት ማለት አብዛኛው ብርድ፣ ሸክም፣ ድካምና አየሩ እስኪሻል ድንኳን ውስጥ ተኝቶ መጠበቅ ነው፣ ሞቅታ የፈለገ ሰው እዛ ድረስ ምን ይወስደዋል?

ታዲያ ለምን ይወጣሉ? ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1970ዎቹ ሰው ያለ ክፍያና ያለ ሽልማት ለምን እንዲህ ይለፋል ብሎ ሲያጠና ካነጋገራቸው መካከል አለት ወጪዎች ነበሩበት፣ ከቼዝ ተጫዋቾችና ከዳንሰኞች ጎን ለጎን። ሁሉም የነገሩት ተመሳሳይ ነገር ነው፣ ሐሳብ አንድ ቦታ መሰብሰብ፣ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላት መውጣት፣ ሰዓቱ መጥፋት። ልብ በሉ፣ ቼዝ ተጫዋቹ ከምንም ከፍታ ላይ አይወድቅም። ስለዚህ ሰዎቹን የሚይዛቸው ከአቅማቸው ጋር የሚመጣጠን ከባድ ጥያቄ ነው። አለት ላይ ጥያቄው ግራ እግሬን የት ላድርግ፣ ክብደቴን ወዴት ላዙር፣ ይሄን የጣት ጫፍ ብቻ የሚይዝ ስንጥቅ ከጎን ነው ከላይ ነው የምይዘው የሚል ነው፣ አንዱን ቦታ ለማለፍ ደጋግሞ ወድቆ ደጋግሞ መሞከር አለ፣ ከዛ አንድ ቀን ዳሌህን ትንሽ ወደ ግድግዳው ስታስጠጋ ያ የማይቻል የነበረው ነገር ዝም ብሎ ይቻላል። ለዛች ቅጽበት ነው ሰው ቅዳሜና እሁዱን የሚሰጠው። ሌላው ደሞ ጓደኛ ጎትቶት መጥቶ የሚቀር ነው፣ ሐዘን ላይ ሆኖ የሚመጣ አለ፣ ጂም ሰልችቶት የሚመጣ አለ። እንደ ሰዉ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት የላቸውም የሚለው ነው። ጸሐፊው ማስረጃ አድርገው ያመጡት ያለ ገመድ በመውጣት የሚታወቀውን አሜሪካዊ አሌክስ ሆኖልድን ነው። እሺ፣ ስለ ሆኖልድ እናውራ። ሰኔ 3 ቀን 2017 ካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ውስጥ ያለውን 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኤል ካፒታን የሚባል ግድግዳ ያለ ገመድ በ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወጥቷል። ከዛ በፊት በኤምአርአይ ማሽን ጭንቅላቱ ታይቶ የፍርሃት ምልክት የሚሰጠው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሌላውን ሰው የሚያስደነግጡ ፎቶዎችን ሲያይ እምብዛም እንዳልተንቀሳቀሰ ተነግሯል። እስከዚህ እውነት ነው። ግን ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ፣ በዛው ምርመራ ለማነጻጸሪያ የገባው ሰው ራሱ አለት ወጪ ነበር፣ የሱ አሚግዳላ ደሞ እንደማንኛውም ሰው ሲሠራ ታይቷል። ታዲያ ይሄ ማስረጃ ክላይመሮች አይፈሩም ነው የሚለው ወይስ ሆኖልድ ከክላይመሮችም የተለየ ሰው ነው የሚለው?

ደሞ ሆኖልድም ቢሆን ዝም ብሎ አልወጣም። ያንን መስመር ከዓመት በላይ በገመድ ተመላልሶበታል፣ አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች እጁ የት እግሩ የት እንደሚሆን በቃሉ እስኪይዝ። በ2016 መጨረሻ ላይ ያለ ገመድ ጀምሮት ነበር፣ ገና ከታችኛው ክፍል ላይ ልቡ አልቆረጠለትምና ትቶ ወረደ። ካሜራ ተደቅኖ፣ ጓደኞቹ እየጠበቁ። ፍርሃት የሌለው ሰው አይመለስም። እኔ ከሱ ታሪክ ውስጥ ለጀማሪ የማወራው ያንን መመለሱን ነው፣ መውጣቱን አይደለም። ያለ ገመድ መውጣቱን ግን ለማንም አልመክርም፣ የማውቃቸው አብዛኞቹ ክላይመሮችም አያደርጉትም፣ ሊያደርጉትም አይፈልጉም።

ፈሪ ለናቱ ይባል የለ። ይሄ አባባል ተራራ ላይ ስድብ አይደለም፣ እዛ ፈሪ መሆን ሙያ ነው። በኤቨረስት በግንቦት 1996 በአንድ ማዕበል 8 ሰው ሲሞት፣ በዛን ቀን ጫፍ ከደረሱት ብዙዎቹ እዛ የተገኙት ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር፣ ማለትም ብርሃን ሳይጠፋ ወደ ካምፕ ለመመለስ በማይመች ሰዓት። ጫፉ በአይን እየታየ፣ ለዛች ቀን ያ ሁሉ ገንዘብና ወራት ፈሶባት፣ ሰዓቱ ደርሷል ብሎ ጀርባ ሰጥቶ መውረድ ከመውጣቱ በላይ ከባድ ነው። እዛ ላይ የጎደለው ፍርሃት ከሆነ ጸሐፊው ያሉት ግማሽ እውነት አለው፣ ግን ያ ሁሉም የሚያምንበት ጥፋት ነው እንጂ የክላይምቢንግ ባህሪ አይደለም። ከዛ ወዲህ የመመለሻ ሰዓት የሚባለው ነገር ተራራ የሚወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ወደ እውነቱ በጣም ቀርበው ነው የሳቱት። ገመድና ብረት የውሸት መተማመኛ ነው ብለዋል። ዕቃው የውሸት አይደለም። ድሮ ነበር እንደዛ፣ በ1865 አልፕስ ውስጥ ያለው ማተርሆርን የሚባል ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ከ7ቱ ሰዎች 4ቱ ሲወርዱ ያለቁት ገመዱ ተበጥሶ ነው። የዛሬ ገመድ ናይለን ነው፣ ሰው ሲወድቅበት እየተለጠጠ ጉልበቱን ቀስ ብሎ ይቀበለዋል፣ ለዚህ ነው መውደቅ በብዙ ቦታ የልምምዱ አካል የሆነው። አንድ መዳፍ የሚሞላ ካራቢነር (ገመድ የሚያያዝበት፣ ተከፍቶ የሚዘጋ የብረት ቀለበት) ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ጭነት ይችላል። በሥርዓቱ የተያዘ ዘመናዊ ዕቃ መበጠሱ ብርቅ ነው። ብርቅ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም፣ ከጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ሜስነር ቀጥሎ 14ቱንም ከ8,000 ሜትር በላይ ያሉ ተራሮች የጨረሰው ፖላንዳዊው ዬዢ ኩኩችካ በ1989 ሎትሴ ላይ የሞተው ቀጭን ገመድ ተበጥሶበት ነው።

ሰው የሚጎዳው በብዛት ከዕቃው አይደለም፣ ከለመድነው ነገር ነው። ሊን ሂልን ውሰዱ። በዘመኗ ከዓለም ምርጦች አንዷ ነበረች። በ1989 ፈረንሳይ ቡኡ በሚባል ቦታ ለማሟሟቂያ ቀላል መስመር ልትወጣ ገመዱን ሃርነሷ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው መታጠቂያ) ውስጥ አስገባች፣ ቋጠሮውን ሳትጨርስ ወሬ ተጀመረ፣ ጃኬቷ ከላይ ሸፈነው፣ ከዛ እንደማንኛውም ቀን እስከ ላይ ወጣች። ላይ ደርሳ ልትወርድ ወደኋላ ስትደገፍ ገመዱ ሾልኮ ወጣ። ከ20 ሜትር በላይ ወድቃ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው ያተረፋት። ከባዱ መስመር ላይ አልነበረም፣ ማሟሟቂያው ላይ ነው። (ከዚህ ተነስታ ነው በ1993 ኤል ካፒታን ላይ ዘ ኖዝ የሚባለውን መስመር ገመዱን ለመጠበቂያ ብቻ ይዛ፣ በእጅና በእግሯ ብቻ የወጣችው፣ ከሷ በፊት ወንድም ሴትም ያላደረገውን።) ሌላው ብራድ ጎብራይት ነው፣ ያለ ገመድ በመውጣቱ የሚታወቅ ሰው፣ እና በ2019 ሜክሲኮ ውስጥ የሞተው በገመድ ሲወርድ ነው። የገመዱ ሁለት ጎን እኩል አልነበረም፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ የለም፣ ገመዱ አለቀ። አንድ ቋጠሮ ቢኖር ያቆመው ነበር።

ለዚህ ነው አለት የሚወጣ ሰው ከመሬት ሳይነሳ በፊት የሚደረገውን ጸሐፊው ቆመው ቢያዩት ደስ የሚለኝ። አንዷ ትወጣለች፣ ሌላው ከታች ገመድ ይይዛል። የምትወጣዋ ስምንት ቁጥር ቋጠሮዋን ታስራለች፣ ከዛ ለሱ ታሳየዋለች፣ እሱ በአይኑ ብቻ አያምንም፣ ጎንበስ ብሎ ገመዱ በሃርነሱ በሁለቱም ቀለበት ማለፉን ያያል፣ በቋጠሮው ውስጥ መስመሮቹን ጥንድ ጥንድ እያለ ይቆጥራል፣ ጎተት ያደርገዋል። ከዛ እሷ ደሞ የሱን ትፈትሻለች፣ ገመዱ በቢሌይ ዕቃው (የወደቀውን ሰው ገመድ ይዞ በሚያስቆመው) ውስጥ በትክክለኛው አቅጣጫ ገብቷል ወይ፣ ካራቢነሩ ተቆልፏል ወይ፣ በጣቷ ጫን ብላ፣ የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ተቋጥሯል ወይ። አብረው ብዙ ዘመን የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ቢሆንም በየመውጫው ይደገማል፣ ማንም አላመንከኝም ብሎ አይቀየምም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አባባል እንደዚህ በእጁ የሚተገብር ሰው ሌላ ቦታ አላየሁም። ሞት የናቀ ሰው እንዲህ አያደርግም። ጸሐፊው መተማመኛው ዕቃው ነው ብለው አስበዋል፣ መተማመኛው ይሄ ነው።

እና ደሞ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ልክ አይደለም። ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎለት ከ4 ሜትር የማይበልጥ ድንጋይ ላይ ቦልደሪንግ የሚጫወት ሰው ቁርጭምጭሚቱን ሊያጥፍ፣ የጣቱን ጅማት ሊጎዳ ይችላል፣ የሚፈራው እሱን ነው። በተሞከረ አለት ላይ በየጥቂት ሜትሩ ብረት በተቸከለበት መስመር የሚወጣው ሌላ ነው። 8,000 ሜትር ላይ ያለው ደሞ ፈጽሞ ሌላ ዓለም ነው፣ እዛ የበረዶ ናዳ የሚመጣው ጎበዝና ሰነፍ ለይቶ አይደለም፣ ቋጠሮህ ምንም ያህል ቢያምር ከላይ የተንጠለጠለ የበረዶ ክምር ሲናድ አያድንህም። እዛ ላይ ያለው አደጋ በሙያ የሚጠፋ አይደለም፣ የሚቻለው ስር ስር የምትቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ወይ አለመሄድ ነው። ይሄን የሚክድ ክላይመር ካለ ከሱ ጋር አልስማማም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት ነገር አለ፣ ከሁሉም በላይ እኔን የሚያመኝም እሱ ነው። አደጋውን የመረጠው ሰውና አደጋውን የሚሸከመው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ኤቨረስት ላይ ኩምቡ በሚባለው የተሰነጣጠቀ የበረዶ ወንዝ ላይ ናዳ ወርዶ 16 ኔፓላውያን ሞቱ፣ አብዛኞቹ ሼርፓዎች (ተራራ ወጪዎችን በሙያ የሚያግዙ የአካባቢው ተወላጆች)። ለመዝናናት አልነበረም የተገኙት፣ ሥራ ላይ ነበሩ፣ ለደንበኞች ገመድ ሊዘረጉና ዕቃ ሊያደርሱ። ደንበኛው ያንን ቦታ ጥቂት ጊዜ ያልፈዋል፣ እነሱ ግን በአንድ ወቅት ውስጥ ሸክም ይዘው ይመላለሱበታል። መንግሥት መጀመሪያ ለየቤተሰቡ ያቀረበው 40,000 የኔፓል ሩፒ ነበር፣ ሠራተኞቹ ተቆጥተው ወቅቱ በዛው ተቋረጠ። ሪስክን እንዴት እናያለን ብለን ከጠየቅን መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፣ የኔን ሪስክ ማን ይከፍለዋል? እኔ አውቄ ፈቅጄ የገባሁበት ነገር ሌላ ነው፣ የኔ ምኞት ሌላውን በእንጀራው አስገድዶ የሚያስገባበት ነገር ደሞ ሌላ ነው። ጸሐፊው ይሄን ቢጽፉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ራስ ወዳድነት ወደሚለው ስመጣ፣ የሚያድናቸው ሰው በነሱ ምክንያት ይሞታል ብለዋል። በብዙ አገር ተራራ ላይ ሰው ለማዳን የሚወጣው ሰው ግን ራሱ ክላይመር ነው፣ ብዙዎቹም ያለ ደሞዝ። በጥር 2018 ፓኪስታን ውስጥ ባለው ናንጋ ፓርባት ተራራ ላይ ፈረንሳዊቷ ኤሊዛቤት ሬቮልና ፖላንዳዊው ቶማሽ ማኪዬቪች በፈረንጆቹ ክረምት፣ በብርዱ ወቅት፣ ችግር ሲገጥማቸው፣ ሌላ ተራራ ላይ፣ ኬቱ ላይ፣ የነበሩ የፖላንድ ቡድን አባላት ሥራቸውን ጥለው መጡ። ያኔ ኬቱ በክረምት በማንም ያልተወጣ ነበር፣ ለመጀመሪያነቱ ነበር የሚለፉት። አዳም ቢየለትስኪና ዴኒስ ኡሩብኮ ከሄሊኮፕተር ወርደው ሌሊቱን ሙሉ በጨለማ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥተው ሬቮልን አገኟት፣ አወረዷት። ማኪዬቪች ጋር መድረስ አልተቻለም። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ያሉበትን ነገር ራስ ወዳድ ብሎ መጥራት ለኔ ይከብደኛል።

የቤተሰብ ጉዳይ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ አልሸሸውም። ልጅ ያለው ሰው ማሰብ አለበት፣ ብዙዎቹም ያስባሉ፣ ልጅ ሲወልዱ ትልልቅ ተራራ ትተው አጫጭር አለት ላይ ብቻ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። የማልቀበለው ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ ነው። እንግሊዛዊቷ አሊሰን ሃርግሪቭስ በግንቦት 1995 ያለ ኦክስጅን ቆርቆሮና ያለ ሼርፓ እርዳታ ኤቨረስትን ወጣች፣ በነሐሴ ኬቱ ላይ ሞተች፣ የሁለት ትንንሽ ልጆች እናት ነበረች። የአገሯ ጋዜጦች ምን ዓይነት እናት ናት ብለው ብዙ ጻፉ። ልጆች ትተው ተራራ ላይ ስለቀሩ አባቶች እንደዛ ሲጻፍ ብዙም አይታይም። ጸሐፊውም ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ አድርገው የጠቀሷቸው ሁለቱም እናቶች ናቸው፣ አንድም አባት የለም፣ መለስ ብለው ቢያዩት ጥሩ ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ለኛም ሰዎች ልበል። አንድ ሰው ሲሞት የሚወደውን እየሠራ ነው የሞተው የሚለውን ማጽናኛ አልወደውም። ያ ሰው የሚወደው ወጥቶ ወርዶ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ማውለቅ ነበር። እንዲህ እያልን ስናወራ ነው ውጭ ያለው ሰው ሞት ናፋቂ ናቸው ብሎ የሚደመድመው፣ ቤተሰቡም ያንን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማሰብ አለብን።

የፎቶውን ነገር ቶሎ ልለፈው። አዎ፣ ለካሜራ ሲል የማይገባውን የሚያደርግ አለ፣ እንደማንኛውም ነገር። ግን አብዛኛው መውጣት ማንም አያየውም፣ ገመድ የያዘው ሰው እንኳ አንገቱ ደክሞት ነው የሚያየው። ክላይምቢንግ ኦሎምፒክ የገባው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር ነው፣ ሰው ግን ከዛ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሲወጣ ኖሯል።

በመጨረሻ ይከልከል የሚለው። ተሞክሯል እኮ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1882 ከአልፕስ አደጋዎች በኋላ ይሄን ነገር መቃወማቸውን የሚያሳይ ቃል መናገር ይችሉ እንደሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተንን አስጠይቀው ነበር፣ ሳይሆን ቀረ። በ1936 አይገር ተራራ ሰሜን ግድግዳ ላይ አራት ወጣቶች ሲሞቱ የስዊዘርላንዱ የበርን ካንቶን ግድግዳውን ዘጋው፣ እገዳው ብዙም ሳይቆይ ተነሳ፣ በ1938 ወጡት። ስትከለክለው የሚቀረው መውጣቱ አይደለም፣ ማስተማሩ ነው። ልጁ በድብቅ ይሄዳል፣ ቋጠሮ የሚያየለት ሰው ሳይኖር፣ ከቪዲዮ ላይ ተምሮ፣ ያገኘውን ገመድ ይዞ። ጸሐፊው የሚያውቁት ወጣት አለት መውጣት ጀመርኩ ቢላቸው ከመቆጣታቸው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁት ደስ ይለኛል፦ ማን ነው ያስተማረህ፣ ቋጠሮህን ማን ያይልሃል፣ ስትወርድ የገመዱን ጫፍ ትቋጥራለህ ወይ። መልስ ካጣ ያኔ ይቆጡት፣ እኔም አብሬ እቆጣዋለሁ።